«አዲስ ነው፣ ባዶ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፦ ተሳቢ ከጆርጂያ ወደ ቨርጂኒያ ስጎትት ያየሁት

ይህን የምጽፈው የመኪና መጫኛ ተሳቢ ገዝታችሁ በራሳችሁ ፒክአፕ ጎትታችሁ ለመምጣት ለምታስቡ ነው። የማወራው ስለ ክፍቱ አይደለም። ግድግዳና ጣሪያ ስላለው፣ መኪናው በኋላ በር ገብቶ ስለሚቆለፍበት ዓይነት ነው። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ከጨረታ መኪና እየገዙ፣ አድሰው የሚሸጡ ብዙ ወገኖች አሉ። እኔም አንዱ ነኝ። መስታወቱ የረገፈ መኪና በክፍት ተሳቢ ዝናብ እየደበደበው ሲመጣ፣ አንዳንዴ ከግጭቱ ጉዳት ይልቅ ውስጡ የገባው ውሃ ብዙ ያስወጣል። ስለዚህ የተዘጋውን ለመግዛት ወሰንኩ።

ግዢው ቀላል ነበር። ጉዞው ግን ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሐይቅ በሚያቋርጥ ድልድይ ላይ ለትልቅ አደጋ ሊዳርገን ነበር። ምክንያቱ አንድ ትልቅ ጥፋት አልነበረም። ትንንሽ ነገሮች ተደራርበው ነው። ሁሉም ከመነሳታችን በፊት ሊስተካከሉ ይችሉ ነበር። እናንተ ከቤት ሳትወጡ እንድታውቋቸው ብዬ ነው የምዘረዝረው።

አሜሪካ ውስጥ የተዘጋ ተሳቢ የሚፈልግ ሰው የሁለት አካባቢ ስም ደጋግሞ ይሰማል። አንዱ ኤልክሃርት፣ ኢንዲያና ነው። ሌላው ደቡብ ጆርጂያ፣ ዳግላስና ፊትዝጀራልድ ዙሪያ ነው። ፋብሪካዎቹ ተጠጋግተው ስላሉ ዋጋ ለማወዳደር ይመቻል። ከምኖርበት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እስከ ደቡብ ጆርጂያ ወደ 700 ማይል ይሆናል። የዋጋው ልዩነት የነዳጁንና የሆቴሉን ወጪ ችሎ ትርፍ ስለነበረው ጆርጂያን መረጥኩ።

ያዘዝኩት ስፋቱ 8 ጫማ ተኩል፣ ርዝመቱ 24 ጫማ ነው። ሁለት አክስል፣ ማለትም ጎማዎቹ የሚሰኩበት ዘንግ፣ አለው። እያንዳንዱ አክስል 5,200 ፓውንድ ይሸከማል። ከነጭነቱ እስከ 9,990 ፓውንድ ተፈቅዶለታል። ባዶውን ወደ 4,200 ፓውንድ ይመዝናል። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ፒክአፔ ፎርድ ኤፍ-150 ነው። ስገዛው ከ10,000 ፓውንድ በላይ ይጎትታል ተብያለሁ። ውሸት አይደለም፣ የመኪናው መጽሐፍም ይላል። 4,200 ፓውንድ ለእንዲህ ያለ መኪና ምኑም አይደለም ብዬ ነበር። ሠፈራችን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከባድ መኪና የነዱ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ጉዞዬን ስነግራቸው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው፣ «በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንብበሃል?» የሚል ነበር።

«የቱን ወረቀት ጋሼ?»

«የሹፌሩን በር ክፈተው። ልጄ፣ የሚጎትተውን አይደለም የምጠይቅህ፤ የሚሸከመውን ነው።»

በሩን ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ የጎማ መረጃ ወረቀት አለ። በላዩ ላይ የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር ይገኛል። የኔው 1,480 ፓውንድ ይላል። ተሳቢ ስትጎትቱ ክብደቱ በሙሉ በራሱ ጎማ ላይ አያርፍም። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በአፍንጫው፣ ማለትም ከፒክአፑ ጋር በሚያያዝበት የፊት ጫፉ በኩል ፒክአፑ ላይ ነው የሚያርፈው። ያ ከዚህ ቁጥር ይቀነሳል። ተሳቢው መኪና ተጭኖበት 7,600 ፓውንድ ቢመዝን፣ አፍንጫው ብቻ 900 ፓውንድ ገደማ ያሳርፋል ማለት ነው። እናንተና አብሯችሁ የሚሄደው ሰው 350 ፓውንድ ብትሆኑ 1,250 ደረሰ። የዕቃ ሳጥን፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ ሰንሰለት ስትጨምሩ ጣሪያው ላይ ደርሳችኋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው 10,000 ሳይነካ፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር ያልቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይህን አሰላሁና ለባዶ ተሳቢ እንደሚበቃ አረጋገጥኩ። ያላነበብኩት ግን ሌላ ጽሑፍ ነበር። ከኋላ ፓራውልቱ ሥር፣ የተሳቢ መጎተቻ በሚሰካበት ብረት ላይ የተለጠፈ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ተጽፏል። አንዱ ክብደት የሚያከፋፍል ሂች (የመጎተቻ ማያያዣ) ሳይኖር፣ ሌላው ሲኖር የሚፈቀደው ነው። የኔው ያለ እሱ 5,000 ፓውንድ ተሳቢና 500 ፓውንድ የአፍንጫ ክብደት ብቻ ይፈቅዳል። 4,200 ከ5,000 ያንሳል ብሎ መጽናናት ይቻላል። የአፍንጫው ክብደት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ። አብዛኛውን ጊዜ የፒክአፑ ኢንሹራንስ ተሳቢው በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይሸፍናል። ተሳቢው ራሱ ቢገለበጥ ወይም ቢሰረቅ ግን ለብቻው ካልተጨመረ አይሸፍንም። እኔ ሻጩ የሻሲ ቁጥሩን እንደላከልኝ አስጨመርኩት። ሰሌዳ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ለዲኤምቪም ደውላችሁ ተሳቢው በምን ሰሌዳ መንገድ ላይ እንደሚወጣ ጠይቁ። የሻጩ ስቴትና የእናንተ ስቴት አሠራር ላይመሳሰል ይችላል።

አብሮኝ የአክስቴ ልጅ ሄደ። ብቻችሁን እንዳትሄዱ። መብራት ለመፈተሽም፣ ወደ ኋላ ለመሄድም፣ ሲደክማችሁ መሪ ለመቀበልም ሰው ያስፈልጋል።

ርክክቡ ላይ ሰውዬው ትሑትና ፈጣን ነበር። ወረቀቱን አስፈረመን፣ ተሳቢውን አስገጠመን፣ መልካም ጉዞ አለን። ያ ፍጥነት ነው የሚያዘናጋው። ሰው አዲስ ዕቃ ሲረከብ ሁሉም የተፈተሸ ይመስለዋል። አዲስ ተሳቢ ግን ከፋብሪካው ወደ ግቢው ከመጎተቱ በቀር መንገድ አያውቅም። ዳዶው ገና አልተቀመጠም፣ የፍሬኑ ሸራ ገና ከታምቡሩ ጋር አልተላመደም፣ የጎማውንም ነፋስ ማን መቼ እንደሞላው አይታወቅም።

ደግ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ውስጥ ገብተን በሩን አስዘጋን። በጨለማ ውስጥ በጣሪያው ወይም በጥግ በኩል ብርሃን የሚያሳይ ቀዳዳ ካለ ውሃም በዚያ ይገባል። የፊት ጥግ ላይ አንድ አግኝተን እዚያው አስደፈንነው። መብራቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየን፦ ፍሬቻ ግራና ቀኝ፣ ፍሬን፣ የጎን መብራት። የተሳቢው አፍንጫ የሚቀመጥበትን የፒክአፑን የብረት ኳስም አየን። እንዲህ ያሉ ተሳቢዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት 2 ከ5/16 ኢንች ኳስ ነው። 2 ኢንቹ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል። መጠኑ ኳሱ አናት ላይ ተቀርጿል። አንብቡት።

ከፕለሩ፣ ማለትም በተሳቢው አፍንጫ ላይ ያለው መያዣ፣ ኳሱን ከያዘ በኋላ ጋሼ ያስተማሩኝን ፈተና አደረግን። ማሰሪያውን ቆልፋችሁ፣ የተሳቢውን ክሪክ መልሳችሁ ወደ ላይ አንሱ። የፒክአፑ ኋላ አብሮ ከተነሳ በትክክል ይዟል። ከፕለሩ ብቻውን ከተነሳ አልያዘም። ከዚያ ሰንሰለቶቹን ከአፍንጫው ሥር አጠላልፋችሁ እሰሩ። ከፕለሩ ቢወጣ አፍንጫው መሬት ከመምታቱ በፊት ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። በመጨረሻም ተሳቢው ተገንጥሎ ቢሄድ በራሱ ባትሪ ፍሬኑን የሚይዘውን ገመድ ሞከርን። የመብራቱን ሶኬት ነቅላችሁ፣ ፒኑን ሳቡና ፒክአፑን በዝግታ ወደ ፊት አንቀሳቅሱ። የተሳቢው ጎማ እምቢ ካለ ይሠራል። ፒኑን ወዲያው መልሱት፤ ቆይቶ ከተረሳ ባትሪው ያልቃል።

ሦስት ነገር ግን አለፈን። የጎማውን ነፋስ በመለኪያ አላየንም። ሰውዬው «ተሞልቷል» አለ፣ እኛም አመንነው። ተሳቢው ተገጥሞ ከጎን ሲታይ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ ነበር። ይዤው የሄድኩት የኳስ ተሸካሚ ለሱ ከፍ ያለ ነበር ማለት ነው። ይህንን አየነው፣ ግን «ባዶ ነው፣ ችግር የለውም» ተባልን። የአፍንጫውንም ክብደት ማንም አልመዘነውም።

ከግቢው ወጥተን ባዶ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፍሬኑን አስተካከልን። ፒክአፑ ውስጥ የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ አለ። በሰዓት ከ20 እስከ 25 ማይል እየሄዳችሁ፣ የፒክአፑን ፍሬን ሳትነኩ በእጅ የሚያዘውን ማንሻ ብቻ ጨብጡ። ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎትታችሁ ሊሰማችሁ ይገባል። ጎማው እስኪቆለፍ ከደረሰ ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ሸራው አዲስ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው። እየተላመደ ሲሄድ መያዝ ስለሚጀምር፣ መንገድ ላይ ደጋግማችሁ ማስተካከል አለባችሁ። እጃችሁም ያ ማንሻ የት እንዳለ ሳያይ እንዲያገኘው አለማምዱት። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ስለ ዳዶ አጥብቄ ልናገር። የተሳቢ አክስል አምራቾች መመሪያ ግልጽ ነው፦ አዲስ ቸርኬ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ ዳዶው እንደገና መጠበቅ አለበት። ምክንያቱ ቀለሙና ብረቱ እርስ በርስ ሲጫኑ ክፍተት ስለሚፈጠር ነው። ጋሼ ይህን ስለነገሩኝ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካውን ቶርክ ሬንች ይዤ ነበር። ለግማሽ ኢንች ብሎን ልኩ ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው። የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ ላይ ቆመን ስንሞክር፣ በቀኝ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ዳዶዎች ቁልፉ ልኩ ላይ ሳይደርስ ዞሩ። አንዱ በእጅ ሊፈታ ምንም አልቀረውም። ያንን ጎማ ይዘን ሀይዌይ 95 ላይ ብንወጣ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ በየቆምንበት አየናቸው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ፣ ቶርክ ሬንች ይዛችሁ ሂዱ።

በሀይዌይ 16 ወደ ሳቫና ስንሄድ ሁሉም ደህና ይመስል ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ንፋስ የለም፣ መንገዱ ሜዳ ነው። ልቤ ረጋ። ፍጥነቴንም ሳላስተውል ጨመርኩ። ሳቫና ጋ ሀይዌይ 95 ይዘን ደቡብ ካሮላይና ስንገባ ከሰዓት ሆነ፣ ንፋስም ተነሳ። ከባድ መኪና በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ዳር ይገፋናል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስበናል። ባዶ የተዘጋ ተሳቢ ለንፋስ እንደ ድንኳን ሸራ ነው። ግድግዳው ሰፊ ነው፣ መሬት ላይ የሚይዘው ክብደት ደግሞ የለውም። ጭነት ያለበት ተሳቢ ፒክአፑን ያደክማል። ባዶው ሹፌሩን ያደክማል።

ከሳንቲ ቀጥሎ ሀይዌይ 95 ሜሪየን ሐይቅን ያቋርጣል። ውሃው ላይ ንፋሱን የሚጋርድ ዛፍ የለም። ድልድዩ ላይ እንደገባን የጎን ንፋስ መታን፣ በዚያው ቅጽበት አንድ ከባድ መኪና በግራ አለፈን። የተሳቢው ኋላ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ ደግሞ ከበፊቱ በባሰ ወደ ቀኝ። ስፖኪዮው ውስጥ አንዴ የተሳቢው ግድግዳ፣ አንዴ ውሃው ይታየኝ ነበር። መሪው በእጄ ውስጥ ቀለለ።

በዚያን ጊዜ እግር ወደ ፍሬን መሮጥ ይፈልጋል። እንዳታደርጉት። የፒክአፑን ፍሬን ከረገጣችሁ ፊተኛው ይቀንሳል፣ ኋለኛው ይገፋል፣ ሁለቱ ይታጠፋሉ። ማወዛወዙን በመሪ ለማስተካከል መሞከርም ያባብሰዋል፤ እናንተ ስታርሙ እሱ ሌላ ጎን ላይ ደርሷል። ፍጥነት ጨምሮ ማውጣት ይቻላል የሚሉም አሉ፤ አትስሟቸው። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ማንሻው ጨብጡ። ተሳቢው ብቻ ሲይዝ ፒክአፑን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ መስመሩም ይቃናል። እኔም ይህንኑ አደረግኩ። ጥቂት ሰከንድ ነው የፈጀው፣ ለኛ ግን ረጅም ነበር። የአክስቴ ልጅ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሁለት እጁ እጀታውን ይዞ ቀርቷል። አደጋ ማሳያ መብራት አብርተን፣ በዝግታ ድልድዩን ጨርሰን፣ ከዚያ በኋላ ባገኘነው የከባድ መኪና ማቆሚያ ወጣን።

ለጋሼ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰሙ «መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ዛሬ ከዚያ ቦታ እንዳትነሱ» አሉኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ነፋሱን ለካሁ። የጎማው ጎን ላይ 80 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ተጽፏል። ከአራቱ አንዱም 50 አልሞላም። የተሳቢ ጎማ በቀዝቃዛነቱ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ነፋስ ነው የሚፈልገው። ሲጎድል የጎማው ጎን ይለሰልሳል፣ ተሳቢው በራሱ ጎማ ላይ ይዋልላል፣ ጎማውም ይግልና ይፈነዳል። የፒክአፑም የኋላ ጎማ ነፋስ ዝቅ ብሎ ነበር። ፍጥነቴስ? ብዙ የተሳቢ ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት ለ65 ማይል ነው። መንገዱ 70 ይፈቅዳል ማለት ጎማው ይፈቅዳል ማለት አይደለም።

ማቆሚያው የከባድ መኪና ሚዛን ነበረው። ይህን አገልግሎት ፒክአፕም መጠቀም እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ከ20 ዶላር በታች ነው የሚያስከፍለው። መጀመሪያ ፒክአፑንና ተሳቢውን እንደተያያዙ መዘንን። ከዚያ ተሳቢውን ፈትተን ፒክአፑን ብቻውን መዘንን። በመጀመሪያው ላይ የፒክአፑ ሁለት አክስሎች ከተሸከሙት ላይ የሁለተኛውን ስትቀንሱ የአፍንጫው ክብደት ይወጣል። የኛ 590 ፓውንድ ሆነ። ፓራውልቱ ሥር ያለው ጽሑፍ ደግሞ 500 ይላል። ተሳቢው ባዶ ነው፣ አንድ ዕቃ አልተጫነበትም፣ ግን ገና ከግቢው ሲወጣ ከልኩ አልፏል። የፊት ጎማዎቼ ላይ ያለው ክብደትም ቀንሷል። መሪው ለምን እንደቀለለኝ ያኔ ገባኝ።

እዚያው አጠገብ ያለ ሆቴል አደርን። ተሳቢ ይዛችሁ ሆቴል ስትገቡ፣ ወደ ኋላ ሳትሄዱ መውጣት የምትችሉበትን ቦታ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ፣ ከዚያ ግቡ። ጠዋት ተሳቢውን ከፕለሩ ላይ ቆልፈን ትተን፣ በፒክአፑ ብቻ ወደ አንድ የአርቪ (የመኖሪያ መኪና) ዕቃ መደብር ሄድን። ክብደት አከፋፋይ ሂች ገዛን። ይህ ዕቃ ሁለት ጠንካራ ዘንጎች አሉት። ከኳሱ ራስ ተነስተው ወደ ተሳቢው ሻሲ ይሄዳሉ፣ ሲወጠሩም ከኋላ የተጫነውን ክብደት ከፊሉን ወደ ፒክአፑ የፊት ጎማ፣ ከፊሉን ወደ ተሳቢው አክስል ይመልሳሉ። የገዛነው ዓይነት መወዛወዝንም የሚቀንስ ነው። ኳሱን መደብሩ ውስጥ አሰሩልን። የሱ ዳዶ የሚጠይቀው ኃይል በተራ ቁልፍ አይገኝም፣ እዚያው አሠሩት።

ሲገጠም አንድ መለኪያ ብቻ አትርሱ። ተሳቢውን ሳታያይዙ ከመሬት እስከ ፊት ጎማው ቅስት ድረስ ያለውን ከፍታ ለኩና ጻፉ። አያይዛችሁ ያለ ዘንጎቹ ለኩ። ፊቱ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ዘንጎቹን ስትወጥሩ ያ ጭማሪ መቀነስ አለበት። ምን ያህል እንደሚቀንስ የመኪናችሁ መጽሐፍ ይናገራል። የኳሱንም ከፍታ ዝቅ አደረግን፣ ተሳቢው ከጎን ሲታይ ቀጥ አለ፤ አፍንጫው ትንሽ ወደ ታች ቢያዘነብል አይከፋም፣ ወደ ላይ መቅናቱ ነው ክፉው። ጎማዎቹን ሁሉ ሞላን፣ ዳዶዎቹን ደግመን አየን። ግማሽ ቀን ሄደ፤ ምንም አልቆጨኝም።

ከዚያ በኋላ ያው ፒክአፕ፣ ያው ተሳቢ፣ ግን ሌላ ጉዞ ሆነ። ከባድ መኪና ሲያልፈን መገፋቱ አልጠፋም፣ መወዛወዙ ግን ጠፋ። ከ60 አላለፍኩም። በቀኝ መስመር፣ ከፊቴ ካለው መኪና ሰፊ ርቀት ጠብቄ ነዳሁ። ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ በስፖኪዮ አይቼ፣ ሳይደርስብኝ እጄን አጠንክሬ እዘጋጃለሁ። ስለ ስፖኪዮ ካነሳሁ፣ የፒክአፑ ለብቻው አይበቃም። ተሳቢው ከፒክአፑ ስለሚሰፋ ግድግዳውን ብቻ ነው የምታዩት። የሚረዝም ስፖኪዮ ወይም የሚገጠም ማራዘሚያ ያስፈልጋል።

ነዳጅ በግማሽ ገደማ እንደሚጨምር አስቡ። ክብደቱ ሳይሆን የፊቱ ስፋት ነው የሚበላው። ስለዚህ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ መፈለግ ጀምሩ። ትንንሽ ማደያ አትግቡ፤ ገብታችሁ መውጫ ታጣላችሁ። የከባድ መኪና ማቆሚያ ያላቸው ይሻላሉ፣ ከመደዳውም ዳር ያለውን ፓምፕ ያዙ። ስትታጠፉ ተሳቢው ከእናንተ ይልቅ ጥጉን አስጠግቶ ነው የሚያልፈው። የሌላው ጎን የኋላ ጥግ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፓምፕና ምሰሶ የሚመታው እሱ ነው። ከፍታውንም ለኩና ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት። በቆማችሁ ቁጥር እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሐል አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም የሚግል ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ወይ ፍሬኑ ችግር አለበት።

ሰሜን ካሮላይናን በሰላም አለፍን። ሪችመንድ ላይ ከተማውን ላለመሰንጠቅ 295ን ያዝን። ፍሬድሪክስበርግ ጋ የተለመደው መጨናነቅ ጠበቀን። ቆም ሄድ በሚበዛበት ቦታ የተሳቢው ፍሬን ከቀድሞው በላይ መያዝ እንደጀመረ አስተዋልኩ። ሸራው ተላምዷል ማለት ነው። ቁጥሩን ዝቅ አደረግኩት።

አሌክሳንድሪያ የገባነው በማታ ነው። ወደ ኋላ መግባት ለማታውቁ አንድ ብልሃት፦ አንድ እጃችሁን መሪው ታች ላይ አድርጉ። እጃችሁ ወደሚሄድበት ጎን ተሳቢውም ይሄዳል። በትንሽ በትንሹ አዙሩ፤ ከተበላሸ ወደ ፊት ወጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከኋላ የሚመራችሁ ሰው ሁልጊዜ በስፖኪዮ የሚታይ መሆን አለበት። ካጣችሁት ቁሙ።

ቦታውን ግን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ታውንሀውስ ውስጥ ከሆናችሁ ብዙዎቹ የነዋሪ ማኅበራት ተሳቢ ማቆም አይፈቅዱም። እኔ ከመሄዴ በፊት ከከተማ ወጣ ያለ ማቆሚያ በወር ተከራይቼ ነበር። የከፕለርና የጎማ ቁልፍም ግዙ፤ የተዘጋ ተሳቢ የሌባ ዓይን ይስባል። ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬን ያለው ተሳቢ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን ያስፈልገዋል። ለሥራ ከስቴት ወደ ስቴት የምትጎትቱ ከሆነ ደግሞ፣ የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድ ከደረሰ የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን የዩኤስዶት ቁጥር ማውጣት አለባችሁ። አብዛኛው ፒክአፕ ከእንዲህ ያለ ተሳቢ ጋር ይህን ያልፋል። «የኔ ትንሽ ነው» ብላችሁ እንዳትቀሩ።

የመጀመሪያውን መኪና ስጭን ጋሼ ራሳቸው መጡ። ሞተሩ ከፊት ያለ ሴዳን ነበር። ክብደቱ በአብዛኛው ከተሳቢው አክስሎች ፊት እንዲያርፍ አፍንጫውን ወደ ፊት አድርገን አስገባነው፣ አራቱንም ጎማ አሰርን። ሚዛን ላይ ስንወጣ የአፍንጫው ክብደት ከ15 በመቶ አልፎ ነበር። መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ መለስነውና እንደገና መዘንን፤ ወደ 12 በመቶ ወረደ። ጋሼ ከኪሳቸው ቀለም አውጥተው ጎማው የቆመበትን ቦታ ወለሉ ላይ አሰመሩልኝ። «የሚቀጥለው መኪና ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን፣» አሉ፣ «ይህን መስመር እንዳታምነው። እንደገና ትመዝናለህ።»